በፀሐይ ወራት ለሰርግ ምን እንልበስ? ጥያቄና መልስ

ዐቢይ ጾም ተፈትቶ ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ በጎጃም ከተሞች የሰርግ ጥሪ በላይ በላዩ ይመጣል። ወሩ ግን ፀሐይ የምትበረታበት ሚያዝያና ግንቦት ስለሆነ፣ በጥር ሰርግ ባለቤቱን ያስከበረው ልብስ በዚህ ወቅት መልሶ ያስጨንቀዋል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ብዙ ሰው ይጠቀምባቸዋል ያልኳቸውን መርጬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ከባሕር ዳር፦ «የታላቅ ወንድሜ ሰርግ በሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ እኔም ሚዜ ነኝ። ሁላችንም ጥቁር ባለ ሰደርያ ሙሉ ልብስ እንድንለብስ ተወስኗል። ባለፈው ዓመት በጓደኛዬ ሰርግ እንዲህ ያለ ልብስ ለብሼ ላቡ ከሸሚዙ አልፎ ኮቱን አራሰው። ቀለሙን መቀየር የማልችል ከሆነ ምን ባደርግ ይሻላል?»

ጥቁር ቀለም ሙቀት መሳቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን የባሕር ዳርን የቀትር ፀሐይ የማያስችለው ከቀለሙ ይልቅ ጨርቁ ነው። ፖሊስተር ላብ ስለማይመጥ እርጥበቱ በገላና በልብስ መካከል ታፍኖ ይቀራል፤ ስስ ሱፍ ግን እርጥበት ይመጥና አየር ያሳልፋል። ልብሱ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ከሱሪው የውስጥ ስፌት ትርፍ ላይ አንድ ክር መዝዘህ ክብሪት አስነካው። ክሩ ተኮማትሮና ቀልጦ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ የሚጠጥር ጥቁር ጠብታ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው፤ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ሲታሽ ከደቀቀ ሱፍ ነው፤ እንደ ወረቀት ነዶ የላላ አመድ ከተወ ደግሞ ጥጥ ወይም ሊኒን ነው። ሙከራውን ከሱቁ ውጭ አድርገው፤ በልብስ መደብር ውስጥ ክብሪት የሚጭር ገዢ ማንም አይወድም።

ሁለተኛው ጉዳይ ገበሩ ነው። ጨርቁ መልካም ሆኖ ሳለ ኮቱ ከአንገት እስከ ታች በፖሊስተር ገበር ከተሸፈነ ድካሙ ከንቱ ነው። ልብስ ሰፊውን የጀርባውን ገበር ከትከሻ በታች እንዲያነሣውና የእጅጌውንና የትከሻውን ብቻ እንዲተው ጠይቀው፤ ለሠለጠነ እጅ ከባድ ሥራ አይደለም። ከዚያ ወንድምህን ለምነውና ሰደርያው ይቅር። በፎቶ ላይ የሚያምረውን ያህል በሠርገኛ መኪና ውስጥ ያስቀጣል፤ ፎቶውም ቢሆን ኮቱ ሲቆለፍ የሚያሳየው የሰደርያውን ጫፍ ብቻ ነው። ሸሚዙ ጥጥ ይሁን፤ ከሥሩ ስስ የጥጥ ካናቴራ ልበስ። ነጭ ካናቴራ ከነጭ ሸሚዝ ሥር ጎልቶ ስለሚታይ ግራጫ ወይም ለቆዳህ የቀረበ ቀለም ምረጥ።

ልኩንም በጊዜ አስተካክል። ወገብ ይጠብባል፣ እጅጌ ያጥራል፤ ትከሻው ያልገጠመ ኮት ግን ተፈትቶ እንደገና ካልተሰፋ በቀር አይታረምም። ሰሞኑን ወጣቶች የሚወዱት ሰውነት ላይ የተጣበቀ ሱሪም ለዚህ ወር አይመከርም፤ አየር መግቢያ የለውም፣ አብሮ ለመጨፈርም አይመችም።

ከፍኖተ ሰላም፦ «በግንቦት ልጄን እድራለሁ፤ ዕድሜዬ 56 ነው። ዘመድ ሁሉ የሙሽራ እናት ካባ ካልደረበች አትደምቅም ይለኛል። ቀሚሴም ከደረት እስከ ታች ሰፊ ጥለት እንዲኖረው ታስቧል። ድግሱ ግን በድንኳን ውስጥ ነውና ሙቀቱን ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?»

እንኳን ደስ አለዎት። የፈሩት በትክክል ነው፤ የከፋይ ካባ ደርቦ ቀትር ላይ በድንኳን ውስጥ እንግዳ ሲቀበሉ መዋል ለጤናም አይበጅም። ካባውን ለመልስ ያቆዩት፤ ያን ዕለት ሲመሽ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ እርስዎም ተቀምጠው ነው የሚስተናገዱት። በሰርጉ ዕለት ከካባ የሚበልጥ ግርማ የሚሰጠው በእጅ የተፈተለና በልክ የተሰፋ ቀሚስ ነው።

ጥለቱን በተመለከተ ከዘመዶችዎ ጋር አልስማማም። ጥለት ያረፈበት የጨርቁ ክፍል ከቀረው ይልቅ ወፍራም ስለሆነ፣ ደረትንም ጀርባንም ከሸፈነ ሙቀቱን ያጠራቅማል፤ ከዚያም በላይ ዐይን የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋል። ሰፊውን ጥለት ለቀሚሱ ዘርፍ ይስጡት፤ ለአንገትና ለእጅጌ ጫፍ ከእርሱ የተቀነሰ ቀጭን መስመር ይበቃል። እንዲህ ሲሆን የወርቅ ሐብልዎ ወይም ማርዳዎ ነጭ መደብ ላይ አርፎ ይታያል። ጥለት ደረት ላይ ሞልቶ ወርቅ ከተጨመረበት ሁለቱም አይለዩም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ጨርቁ ከሸማኔ እንደወጣ በቀጥታ ለሰፊ አይሰጥ። የእጅ ሥራ ጥጥ መጀመሪያ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ቢታጠብ ያጥራል፣ ከጥለቱ አጠገብም ይኮማተራል። ነገር ግን ከመንከርዎ በፊት የጥለቱ ቀለም እንደማይለቅ ያረጋግጡ። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥበው የጥለቱን ጀርባ ጫን አድርገው ይሹት፤ ነጩ ጨርቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ከያዘ ቀሚሱን ማጠብ አያዋጣምና ትንሽ ሰፋ አድርገው ያሰፉት። ቀለሙ ካልለቀቀ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው፣ ሳይጨምቁ ጥላ ላይ አስጥተው፣ ሲተኮስም ከጀርባው በኩል ይሁን።

የቀሚሱ ርዝመት ቁርጭምጭሚት ላይ ይብቃ፤ የሙሽራ እናት ከእንግዳ ወደ እንግዳ ስትል ስለምትውል መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ያደናቅፋታል። ፀጉርዎን ቅቤ መቀባት ካማረዎትም ከሰርጉ ቀናት አስቀድመው ተቀብተው ይታጠቡት። የግንቦት ፀሐይ ቅቤውን አቅልጦ ትከሻዎ ላይ ያወርደዋል፤ ፈትል ላይ ያረፈ የቅቤ ነጠብጣብ ደግሞ በድግስ መካከል የሚለቅ አይደለም። ድንገት ቢደርስብዎ ውኃ አያስነኩት፤ የሕፃናት ፓውደር ነስንሰው ቅባቱን እስኪመጥ ይተዉት፣ ማታ በሳሙና ይታጠባል።

ከደብረ ማርቆስ፦ «የጓደኛዬ ተክሊል ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከቀትር በኋላ በሆቴል መናፈሻ ግብዣ አለ። ሁለት ልብስ መያዝ ይኖርብኛል?»

አያስፈልግሽም። እጅጌው ክርን የሚደርስና ከጉልበት በታች በደንብ የወረደ አንድ ቀሚስ ለሁለቱም ይሆናል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ነጠላሽ ነው። ቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ለብሰሽው ራስሽን ትሸፍኚበታለሽ፣ ሆቴል ስትደርሺ ትከሻሽ ላይ ታሳርፊዋለሽ። ስታጣፊው ግን ጥለቱ ወደ ታች መሆኑን ተመልከቺ፤ ወደ ላይ ወጥቶ አንገትሽ ዙሪያ ከዋለ የለቅሶ አለባበስ ይሆናል፣ የማርቆስ እናቶች ይህን ለማየት ጊዜ አይፈጅባቸውም። ለጫማ ማሰሪያው የበዛ ሰንደል አትምረጪ፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ታወልቂዋለሽና ሰው እየጠበቀ ጎንበስ ብለሽ ስትፈቺ ትቆያለሽ። ቀጭን ታኮም መናፈሻው ሣር ውስጥ ይሰጥማል፤ ወፍራም ታኮ ይሻላል።

ከዳንግላ፦ «ልጄ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ በሐምሌ ያገባል፤ እኔም ለመሄድ እየተዘጋጀሁ ነው። የጥሪ ካርዱ ‹ብላክ ታይ› ስለሚል ጥቁር ከረባት ገዛሁ። ይበቃኛል? ሐምሌ ስለሆነስ ወፍራም ካፖርት ልያዝ?»

ከረባቱን ለሌላ ቀን ያስቀምጡት። ካርዱ የጠየቀው ለማታ ግብዣ የሚለበሰውን ሙሉ ሥርዓት ነው፦ ኮሌታው ሳቲን የለበሰ ጥቁር ቶክሲዶ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ፓፒዮንና የተወለወለ ጥቁር ጫማ። ይህን እዚያው መከራየት ስለሚቻል፣ ልጅዎ የትከሻዎን፣ የወገብዎንና የእጅዎን ልክ አስቀድመው ቢልኩለት ያዘጋጅልዎታል። ይሁን እንጂ እንዲህ ባለው ግብዣ የአገር ልብስ በቶክሲዶ ፋንታ ተቀባይነት ያለው ነው፤ ለሙሽራ አባት እኔ የምመርጠው ነጭ እጀ ጠባብ ከኩታ ጋር ነው። ልጅዎንና ሙሽራዪቱን ግን ሳያማክሩ አይወስኑ፤ ፎቶውን በአንድ መልክ አስበውት ይሆናል።

ካፖርቱን ይተዉት። እኛ ዘንድ ዝናብና ጭቃ የሆነው ሐምሌ በዋሽንግተን የዓመቱ ትልቁ ሙቀት ነው፤ ከቀትር በኋላ ከ30 ዲግሪ ይበልጣል፣ አየሩም እርጥብ ስለሆነ ከባሕር ዳር ይልቅ ይከብዳል። አዳራሾቹ ግን በማቀዝቀዣ ስለሚበርዱ ኩታው ከውስጥ ያገለግልዎታል። ባለቤትዎ አብረው የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁላቸው፤ በአሜሪካኖች ልማድ ነጭ ለሙሽራዪቱ ይተዋል። ቤተሰቡ ሐበሻ ከሆነ ነጭ የአገር ልብስ ማንንም አያስገርምም፤ የሙሽራዪቱ ወገን አሜሪካዊ ከሆነ ግን ባለ ቀለም ቀሚስ መያዙ ቅሬታን ያስቀራል።

ከባሕር ዳር፣ ተመራቂ ተማሪ፦ «በሐምሌ እመረቃለሁ። ከጋውኑ ሥር ምን ልልበስ?»

ጋውን ሲለበስ የሚታየው የሸሚዝህ ኮሌታ፣ ከረባትህ፣ የሱሪህ ጫፍና ጫማህ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለኮት ገንዘብ አታውጣ። ገንዘቡን ዝናብና ጭቃ ለሚችል መልካም የቆዳ ጫማ አውለው።

ከቢቸና፦ «ዕድሜዬ 70 አልፏል። ባሕር ዳር ለሚደረገው የልጅ ልጄ ሰርግ ልጆቼ ሱፍና ከረባት ካልለበስክ ይሉኛል። እኔ ከረባት አስሬ አላውቅም፤ የማውቀው እጀ ጠባቤንና ተነፋነፍ ሱሪዬን ነው። ማን ነው ትክክል?»

እርስዎ ነዎት። በለመዱት ልብስ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ አያት፣ አንገታቸውን ከረባት ሲያስጨንቃቸው ከሚውሉት ይልቅ ያምራሉ፤ ነጭ የጥጥ ልብስም ለዚያ ሙቀት ከሱፍ ይሻላል። ልጆችዎ ሊያስቡበት የሚገባው ሌላ ነው፦ እጀ ጠባቡ አዲስ ባይሆንም በንጹሕ ታጥቦ ይተኮስ፣ ኮሌታው የተበላ ከሆነ ይቀየር፣ ጫማው ጥቁር ወይም ቡናማ ቆዳ ይሁን። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ይወልቃልና ካልሲውም አዲስ ይሁን። ለትከሻዎ ኩታ ይበቃል፤ አራት ድርብ የሆነውን ጋቢ ለቀትር አይልበሱት። መኪናው ውስጥ ግን ይያዙት፤ ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ቢቸና ደጋ ስለሆነች፣ ማታ ወደ ቤትዎ ሲመለሱ ብርዱ መንገድ ላይ ይቀበልዎታል።