ደራሽ ውሃ ከጎርፍ ይለያል?

ሰላም ወንድሜ። "ደራሽ ውሃ ማለት በኃይል የሚወርድ ወንዝ ነው? ከጎርፍስ ይለያል?" ብለህ ለጠየቅከው፦

መነሻው "ደረሰ" ነው። "ፈሰሰ" ብለን ፈሳሽ፣ "ወረደ" ብለን ወራጅ እንደምንለው፣ "ደረሰ" ብለን ደራሽ እንላለን። ስለዚህ ቃሉ ስለ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ድንገት ከተፍ ማለትን ይናገራል። ሁሌም በኃይል የሚሄድ ወንዝ ወራጅ ውሃ ነው እንጂ ደራሽ አይባልም። (ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ!" የምንለውም ያው ቃል ነው።)

እኛ አዳማ ክረምት ላይ ልዩነቱን በዓይናችን እናየዋለን። ከተማዋ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች ናት። አንዳንዴ እኛ ሰፈር ጠብ ሳይል ላይ ኮረብታው ላይ ይጥላል። ደረቅ የነበረው ቦይ መጀመሪያ የሚያጓራ ድምፅ ያሰማል። ከዚያ ቡናማ ውሃ ገለባና ፕላስቲክ እየገፋ ከች ይላል። ደራሽ ማለት እሱ ነው! ልጆች ደረቅ ቦይ ውስጥ ሲጫወቱ ሳይ የምጨነቀውም ለዚህ ነው። ውሃው መንገዱን ሞልቶ ቤት ሲገባ ግን "ጎርፍ ገባ" እንላለን። "ደራሽ ጎርፍ" ማለትም ያስኬዳል።

"ውሃ ሙላት" ሌላ ነው። አዋሽ ቀስ እያለ ከፍ ሲልም ይባላል።

ለሰው ሲሆን ደግሞ ቃሉ ደግ ይሆናል። "ደራሽ አጣሁ" ያለ ሰው የሚረዳው አላገኘም ማለት ነው። "እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ" በሚለው ተረትም ደራሹ እንግዳው ነው፤ ውሃውማ ፈሳሽ ተብሏል።