ቡድኑ የከተማው፣ ተጫዋቹ የእናት ክለቡ፦ ስለ ማይነር ሊግ ቤዝቦል ለጠየቃችሁኝ

የቤዝቦል ወቅት ሲገባ ከእናንተ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይበዛል። ድሮ ጥያቄው «ይሄ ጨዋታ እንዴት ነው የሚቆጠረው?» ነበር። አሁን ልጆቻችሁ በየትምህርት ቤቱ ጓንት አጥልቀው መጫወት ጀምረዋልና ጥያቄው ጠለቅ ብሏል። ዘንድሮ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ ትናንሾቹ ቡድኖች ነው። ደስ ብሎኛል። እኔም ቤዝቦልን የወደድኩት በትልቁ ስታዲየም ሳይሆን በትንሹ ነው። ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልጄ ከትምህርት ቤት ጋር ፍሬድሪክስበርግ ሄዶ ጨዋታ አይቶ መጣ። የተጫወተው ናሽናልስ ነው ይላል። ናሽናልስ እዚህ ዋሽንግተን አይደለም እንዴ? ሁለት ናሽናልስ አለ? (አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

ልጅዎ ልክ ነው፤ እርስዎም አልተሳሳቱም። በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በትልቁ ሊግ፣ 30 ክለቦች አሉ። እያንዳንዱ በሥሩ አራት የማይነር ሊግ ቡድኖች አሉት። ሲደመር 120 ነው። አራቱ እንደ ትምህርት ቤት ክፍል ደረጃ አላቸው። ከታች ሲንግል ኤ፣ ቀጥሎ ሃይ ኤ፣ ከዚያ ደብል ኤ፣ ከሜጀር ሊግ ደጃፍ ላይ ደግሞ ትሪፕል ኤ።

የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ሲንግል ኤ ቡድን ልጅዎ ያየው የፍሬድሪክስበርጉ ነው። እዚያ የበረታ ልጅ ደላዌር ውስጥ ወዳለው ዊልሚንግተን ይሄዳል። ከዚያ ፔንስልቬንያ፣ ሃሪስበርግ። የሃሪስበርግ ሜዳ በሰስኩሃና ወንዝ መሃል ባለች ደሴት ላይ ነው። በእግር በድልድይ ይገባሉ፣ ግራና ቀኝዎ ውሃ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ። በመጨረሻ ኒውዮርክ ስቴት ያለው ሮቸስተር አለ። ከሮቸስተር ቀጥሎ ዋሽንግተን ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሁሉም የእናት ክለባቸውን ስም አይዙም። የሃሪስበርጉ ሴናተርስ፣ የሮቸስተሩ ሬድ ዊንግስ ይባላል። ስም አይቶ የማን እንደሆነ መገመት ያሳስታል። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ አጠገባችሁ ያለው ሜዳ የቦዊው ነው። ለዋሽንግተን በጣም ቢቀርብም የናሽናልስ አይደለም፤ የባልቲሞር ኦርዮልስ ደብል ኤ ነው። ለዓመታት ቦዊ ቤይሶክስ ሲባል ኖሮ ከ2025 ጀምሮ ቼሳፒክ ቤይሶክስ ሆኗል።

እኔ የማውቀው እግር ኳስ ነው። ከታች ያለ ቡድን ዋንጫ ከበላ ወደ ላይ ይወጣል። ትሪፕል ኤ ላይ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ለምን ሜጀር ሊግ አይገባም? (ወጣት፣ ከአዲስ አበባ)

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ወደድኩት። የነገሩ ቁልፍ እሱ ላይ ነውና።

በቤዝቦል ወደ ላይ የሚወጣው ቡድን አይደለም፤ ተጫዋቹ ነው። ሪያል ማድሪድ ካስቲያን ታውቀዋለህ። ከትልቁ ሪያል ማድሪድ ጋር በአንድ ሊግ መጫወት አይፈቀድለትም። የማይነር ሊግ ቡድኖችም ነገራቸው ለዚያ ይቀርባል። ልዩነቱ ብዙዎቹ የራሳቸው ባለቤት አላቸው፤ ከእናት ክለቡ ጋር የሚያስተሳስራቸው ውል ነው።

ጨዋታውን ስታይ ይህን ካላወቅህ ትናደዳለህ። አንድ ጊዜ ቦዊ ሜዳ አጥሩ ጥግ ቆሜ አንድ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪውን ማለቴ ነው) እያየሁ ነበር። ልጁ እሳት ነው። ኳሱ የያዡ ጓንት ላይ ሲያርፍ «ጧ!» ይላል፤ አጥሩ ድረስ ይሰማል። ማንም አልመታውም። በአምስተኛው ኢኒንግ (ዙር ማለት ነው) አሰልጣኙ ወጣና ኳሱን ከእጁ ተቀበለው። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ጮኸ። እኔም ገርሞኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ለወጣት ፒቸር በቀን ስንት ኳስ እንደሚወረውር እናት ክለቡ አስቀድሞ ይወስናል። የልጁ ትከሻ ከዚያ ምሽት ውጤት ይበልጣል። ማሸነፍ ደስ ይላል፤ ሥራው ግን ልጅ ማብቃት ነው።

ይህን አሠራር ያደራጀው ብራንች ሪኪ የሚባል ሰው ነው። በ1920ዎቹ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ያኔ ትናንሾቹ ክለቦች ራሳቸውን የቻሉ ነበሩ፤ ጎበዝ ልጅ ሲያወጡ ለትልልቆቹ ይሸጡ ነበር። ካርዲናልስ ደግሞ ገንዘብ አልነበረውም። ከሀብታሞቹ ጋር ተጫርቶ አይችልም። ሪኪ ትናንሾቹን ክለቦች መግዛትና ማሳደግ ጀመረ። ጎመኑን ከገበያ መግዛት ትቶ ጓሮው ተከለ ማለት ነው። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ እነዚህን ቡድኖች በቋንቋቸው «እርሻ» ይሏቸዋል።

ይኸው ሰው በኋላ ወደ ብሩክሊን ዶጀርስ ሄደና ጃኪ ሮቢንሰንን አስፈረመ። ሮቢንሰንም በቀጥታ ብሩክሊን አልገባም። በ1946 የዶጀርስ ቡድን ወደነበረው ወደ ሞንትሪያል ሮያልስ ተላከ። ሚያዝያ 18 ጀርሲ ሲቲ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። አራት ጊዜ መታ፤ አንዱ ሆም ራን (ኳሱን ከአጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) ነው። ሞንትሪያል 14 ለ 1 አሸነፈ። በዓመቱ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1947፣ ለጥቁሮች ተዘግቶ የኖረውን የሜጀር ሊግ በር ገባበት። ሰው ስለ 1947 ብቻ ነው የሚያወራው። ለእኔ ግን ያ የጀርሲ ሲቲ ቀን አይተናነስም።

ስታዲየም ውስጥ ምግብ እሸጣለሁ። ሕዝቡ የሚወደው አንድ መቺ ነበረን። ማክሰኞ ስመጣ የለም። «ክሊቭላንድ ወሰደው» አሉኝ። ባለቤቱ እንዴት ዝም ይላል? ደሞዙንስ የሚከፍለው ማነው? (እህት፣ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

እህቴ፣ ባለቤቱ ዝም የሚለው ተጫዋቹ የእሱ ስላልሆነ ነው። የእናንተ ቡድን የክሊፐርስ ባለቤት ፍራንክሊን ካውንቲ ነው፤ የሕዝብ ንብረት ነው ማለት ይቻላል። ሜዳው፣ ትኬቱ፣ ማስታወቂያው፣ አንቺ የምትሸጪው ምግብ ሁሉ የኮሎምበስ ጉዳይ ነው። ተጫዋቾቹንና አሰልጣኞቹን ግን የሚቀጥረውም፣ ደሞዝ የሚከፍለውም፣ የሚያዛውረውም ክሊቭላንድ ጋርዲያንስ ነው። ሜጀር ሊግ ላይ አንድ ሰው እግሩን ካመመው በዚያው ምሽት ኮሎምበስ ስልክ ይደወላል።

ደሞዙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው መስማት ያለበት ነገር ነው። እስከ 2022 ድረስ ትሪፕል ኤ የሚጫወት ልጅ ዝቅተኛ ክፍያው በዓመት 17,500 ዶላር ገደማ ነበር። ሲንግል ኤ 11,000። ብዙዎቹ አንድ አፓርታማ ለአራት ለአምስት ተከራይተው፣ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው ነው የኖሩት። ክረምት ሲመጣ ዕቃ ያደርሳሉ፣ መጋዘን ይሠራሉ። እኛ ስደተኞች ይህን ኑሮ እናውቀዋለን። በ2022 ክለቦቹ ቤት እንዲሰጡ ተደረገ። በዚያው ዓመት መስከረም ተጫዋቾቹ የሜጀር ሊጉን የሠራተኛ ማኅበር ተቀላቀሉ። በ2023 በተፈረመው ስምምነት የትሪፕል ኤ ዝቅተኛ ክፍያ 35,800፣ የሲንግል ኤ 26,200 ሆነ። እጥፍ ነው፤ ሲገባቸው የዘገየ እጥፍ። በዚያው ዓመት የሜጀር ሊግ ዝቅተኛው 720,000 ነበር። አስልተሽ ብታዪው፣ ወደ ላይ የተጠራ ልጅ በ10 ቀን የሚያገኘው የትሪፕል ኤን የዓመት ደሞዝ ያልፋል። ያ መቺያችሁ ሳይሰናበት የሄደው ለዚህ ነው። ደስ ይበልሽ እንጂ አትዘኚ።

ተመልሶ ሊመጣም ይችላል። ክለቡ አንድን ተጫዋች በአንድ ወቅት እስከ አምስት ጊዜ ወደ ታች መላክ ይፈቀድለታል። አንዳንዴ ደግሞ የታወቀ ተጫዋች ከጉዳት ሲያገግም ለጥቂት ቀን ወደ ታች ይመጣል። ቆየት ያለ ልማድ አላቸው፤ እንዲህ ያለ እንግዳ ለልጆቹ ሁሉ ጥሩ ራት ይጋብዛል። እንደ ወንድም ማለት ነው።

ከባድ መኪና እነዳለሁ። በ81 አውራ ጎዳና ሳልፍ ሄገርስታውን ላይ ያረጀ የቤዝቦል ሜዳ አይ ነበር። አሁን የለም። ቡድኑ ምን ሆነ? (ሹፌር፣ ከቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ይህ ታሪክ ያሳዝነኛል።

ሄገርስታውን ሰንስ የናሽናልስ ቡድን ነበር። በ2018 የጸደይ ወቅት ሁዋን ሶቶ የሚባል የ19 ዓመት ዶሚኒካዊ ዓመቱን የጀመረው እዚያ ነው። 16 ጨዋታ ተጫወተ፣ ያኔ ቀጣዩ ደረጃ ወደነበረው ወደ ፖቶማክ አሳደጉት። እዚያ 15፣ ሃሪስበርግ ደግሞ 8 ብቻ። ግንቦት 20 ዋሽንግተን ነበር። በጥቂት ሳምንት ሦስት ደረጃ ዘለለ! በቀጣዩ ዓመት ናሽናልስ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ከዋነኞቹ አንዱ እሱ ነው። የሄገርስታውን ሰው «እኛ ነን መጀመሪያ ያየነው» ቢል እውነቱን ነው።

ሜዳው በ1930 የተከፈተ ነው። በኋላ ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ዊሊ ሜይስም በ1950 የማይነር ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው እዚያው ነው፤ ለእንግዳው ቡድን ለትሬንተን ተሰልፎ። ጥቁር በመሆኑ ከደጋፊው ስድብ ወረደበት፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ ሌላ ሆቴል አደረ።

ከዚያ 2020 መጣ። በኮሮና ምክንያት የማይነር ሊግ ወቅት ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት የቆየው ውል አለቀና ሜጀር ሊግ አስተዳደሩን ራሱ ያዘ። ቡድኖቹን ከ160 ወደ 120 ቀነሰ። ምክንያቱ የሜዳ ጥራት፣ የጉዞ ርቀትና ወጪ ነው ተባለ። እርግጥ ነው፣ አንዳንዱ ሜዳ አርጅቶ ነበር፤ የአውቶቡስ ጉዞውም አድካሚ ነበር። ይሁንና ለትንሽ ከተማ የበጋ ምሽት መሰብሰቢያው ያ ሜዳ ነው። ሄገርስታውን ከተቀነሱት አንዱ ሆነች። ጨዋታ ስላልነበረ ሕዝቡ የመጨረሻ ቀን እንኳ አልነበረውም። ሜዳው በ2022 ፈረሰ።

ግን እዚህ አላበቃም። በ2024 መሃል ከተማ ላይ አዲስ ሜዳ ተከፍቶ ፍላይንግ ቦክስካርስ የሚባል ቡድን መጣ። ስሙን የወሰደው ድሮ እዚያው ከተማ ይሠራ ከነበረ የጭነት አውሮፕላን ነው። በአትላንቲክ ሊግ ይጫወታል፤ እናት ክለብ የለውም፤ ተጫዋቾቹን ራሱ ይቀጥራል። መኪናህን የምታቆምበት ካገኘህ አንድ ምሽት ግባ።

ለቀሪዎቹ 120 ያለው ውል የ10 ዓመት ነው፤ እስከ 2030። ድሮ ሁለት ወይም አራት ዓመት ነበርና ቡድኖች እናት ክለብ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ ነበር። ናሽቪል ሳውንድስ ከ2014 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ብቻ ከሚልዋኪ ወደ ኦክላንድ፣ ከዚያ ወደ ቴክሳስ ሄዶ ተመልሶ ሚልዋኪ ገብቷል።

አትሌቲክስ የሚባለው የሜጀር ሊግ ክለባችን ከኦክላንድ ወጥቶ ሳክራሜንቶ በማይነር ሊግ ሜዳ ይጫወታል። የሜዳው ባለቤት ቡድን ደግሞ የጃያንትስ ነው ይባላል። እንዴት ሆኖ? (ከኦክላንድ)

እውነት ነው። ከ2025 ጀምሮ ዌስት ሳክራሜንቶ ባለው፣ 14 ሺህ ሰው ገደማ በሚይዘው የሪቨር ካትስ ሜዳ ነው የሚጫወቱት። ሪቨር ካትስ ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ትሪፕል ኤ ነው። አንዱ ቡድን ጉዞ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እስከ 2014 ግን ሪቨር ካትስ የአትሌቲክስ ነበር። የአሁኑ የአትሌቲክስ ትሪፕል ኤ ያለው ላስ ቬጋስ ነው፤ ክለቡም በ2028 ሊገባ ያቀደው እዚያው ነው። የኦክላንድ ሰው ልቡ ቢሰበር አይፈረድበትም።

ማይክል ጆርዳን ቤዝቦል ተጫውቷል የሚባለው እውነት ነው? ጸጉር ቤት ተከራክረንበታል። (ከሚኒያፖሊስ)

እውነት ነው። በ1994 ለበርሚንግሃም ባሮንስ፣ የቺካጎ ዋይት ሶክስ ደብል ኤ። 127 ጨዋታ አድርጎ በአማካይ .202 መታ (ከአምስት ሙከራ አንዱን ገደማ ማለት ነው)፤ ሦስት ሆም ራን፣ 30 የተሰረቀ ቤዝ (ሳይመታ በሩጫ የተያዘ ማዕዘን)። ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው። ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዲህ ዱላ ያልያዘ የ31 ዓመት ሰው ደብል ኤ ፒቸር መምታቱ ራሱ ያስገርመኛል። አሰልጣኙ ቴሪ ፍራንኮና ነበር፤ በ2004 ቦስተንን ለዋንጫ ያበቃው።

ልጆች ይዤ ልሄድ አስቤ ነበር፤ ግን ቤዝቦል ማለቂያ የለውም ይሉኛል። ስንት ሰዓት ይፈጃል? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አይስጉ፣ ይሂዱ። አሁን ፒቸሩ የሚወረውርበት ጊዜ በሰከንድ ይቆጠርበታል። ይህ ደንብ መጀመሪያ የተሞከረው በማይነር ሊግ ነው፤ ሠርቶ ሲገኝ በ2023 ሜጀር ሊግ ወሰደው። ከሁለት ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። ከአጥሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ ልጆቹ ኳስ ይዘው ፊርማ ይጠይቁ፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ቆመው ይፈርማሉ።

ረጅሙን ከጠየቁኝ ግን አንድ አለ። ሚያዝያ 18 ቀን 1981፣ በምዕራባውያን ፋሲካ ዋዜማ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ፖታኬትና ሮቸስተር ገጠሙ። ቤዝቦል እኩል ለእኩል አያልቅም። መደበኛው ዘጠኝ ኢኒንግ አለፈ፣ ሃያ አለፈ። ብርድ ነበር፤ ተጫዋቾቹ የተሰበረ ዱላ በበርሜል እያነደዱ ይሞቁ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ 32ኛው ኢኒንግ ሲያበቃ፣ እንዲቆም ታዘዘ። ያኔ በሜዳው የቀሩት ተመልካቾች 19 ነበሩ። እንደ ፋሲካ ሌሊት ነቅተው ያደሩ 19 ሰዎች። ሰኔ 23 ሲቀጥል ፖታኬት በ33ኛው ኢኒንግ 3 ለ 2 አሸነፈ። የቀረው ጨዋታ 18 ደቂቃ ብቻ ነበር የፈጀው። ከሁለቱ ቡድኖች መካከል ሁለት ወጣቶች፣ ዌድ ቦግስና ካል ሪፕከን፣ በኋላ ከታላላቆቹ ተራ ገብተዋል። ያን ሌሊት ግን ማንም ገና በውል አያውቃቸውም ነበር።