ስለ ዲሲ ቻርተር ትምህርት ቤቶች፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዲሲ በመንግሥት ገንዘብ ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ገደማው ቻርተር ትምህርት ቤት ነው ያሉት። ከዚህ በታች የቀረቡት ወገኖቻችን ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ ለዲሲ ብቻ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂንያ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ እዚያ ቻርተሮች በቁጥር ትንሽ ናቸው።

ቻርተር የግል ትምህርት ቤት ነው? ይከፈልበታል?

የመንግሥት ነው፤ የትምህርት ክፍያም የለውም። ገንዘቡ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ከከተማው በጀት ይመጣል። ልዩነቱ የሚያስተዳድረው ማን ነው የሚለው ላይ ነው፤ ቻርተርን የሚመራው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የራሱ ቦርድ ስለሆነ መምህር የሚቀጥረውም ሥርዓተ ትምህርት የሚመርጠውም እሱው ነው። በምላሹ ከከተማው የቻርተር ቦርድ ጋር የ15 ዓመት ውል ይገባል፤ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይገመገማል። ውጤቱ ወይም ሒሳቡ ከተበላሸ ይዘጋል፤ የተዘጉም አሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትመርጡ የሚቀጥለው ግምገማው መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

የመግቢያ ፈተና የለም፣ ሃይማኖት አይሰበክም፣ ስለ ወላጅ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። ወጪ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው፤ ዩኒፎርም አለ፣ ከትምህርት በኋላ ልጅ የሚቆይበት ክፍያ አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት የሁለቱንም ዋጋ ጠይቁ።

ሎተሪው እንደ ዲቪ ነው? ቶሎ የሞላ ይቀድማል?

አይቀድምም። ቻርተር ትምህርት ቤት ከቦታው የሚበልጥ አመልካች ሲኖረው ልጆችን የሚቀበለው በሎተሪ፣ ማለትም በዕጣ ነው። ከቀነ ገደቡ በፊት እስከሆነ ድረስ በመጀመሪያው ቀን የሞላና በመጨረሻው ቀን የሞላ እኩል ናቸው። ማመልከቻው ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው ድረ ገጽ ነው፣ ነፃ ነው፤ ለማስሞላት ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትክፈሉ። ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ቀነ ገደቡ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ ለትንንሾቹ እስከ 8ኛ ክፍል ደግሞ ማርች መጀመሪያ ላይ ነው። ቀኑ በየዓመቱ ትንሽ ስለሚለዋወጥ ዲሴምበር ላይ አረጋግጡ።

ከዲቪ የሚለየው ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። እስከ 12 ትምህርት ቤት መጻፍ ይቻላል። ኮምፒውተሩ የልጁን ዕጣ ቁጥር ይዞ ከ1ኛው ምርጫ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። 3ኛው ላይ ቦታ ካገኘ ልጁ እዚያ ይመደባል፤ በ1ኛውና በ2ኛው ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ከ4ኛ እስከ 12ኛ ያሉት ግን ይሰረዛሉ።

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ይኼኛው ሰው ይበዛበታል፣ አይደርሰንም» ብሎ በጣም የሚፈልገውን 5ኛ ላይ ይጽፈዋል፣ ከዚያ በማይፈልገው 2ኛ ላይ ይመደብና 5ኛው እስከነጭራሹ ይሰረዝበታል። አንደኛ የምትፈልጉትን አንደኛ ጻፉ። ከባድ ትምህርት ቤት አስቀድማችሁ በመጻፋችሁ ከታች ባለው ላይ ያላችሁ ዕድል አይቀንስም። የማትወስዱትን ግን አትጻፉ።

ወንድም ወይም እህት ቀድሞ እዚያ የሚማር ከሆነ ታናሹ ቅድሚያ አለው። የታላቁን ስም ትምህርት ቤቱ ዘንድ በተመዘገበበት ፊደል ጻፉ። አንዱ ዘንድ «ተስፋዬ» በአንድ፣ ሌላው ዘንድ በሌላ የእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ ሥርዓቱ ላያገናኛቸው ይችላል።

ቦታ ደርሶን ሳለ ጠፋብን፤ ለምን?

ሁለት ምክንያት አለ። ውጤት ማርች መጨረሻ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ሜይ መጀመሪያ ድረስ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ወረቀት አቅርቦ መመዝገብ ግዴታ ነው። ሎተሪ መድረስ ምዝገባ አይደለም፤ ያልተመዘገበ ቦታ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ሁለተኛው ስልክ ነው። ተጠባባቂው ዝርዝር በኦገስትና በሴፕቴምበር ብዙ ይንቀሳቀሳል፤ ትምህርት ቤቱ ይደውላል ወይም ኢሜይል ይልካል፣ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜም አጭር ነው። ቁጥር ከቀየራችሁ የዚያኑ ቀን ማመልከቻው ላይ አስተካክሉ። በሰመር ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ኢሜይሉን በየቀኑ የሚያይ ሰው ይኑር።

ልጄ መስከረም 20 ነው የተወለደችው። ለ3 ዓመቱ ክፍል ትደርሳለች?

መቁረጫው ሴፕቴምበር 30 ነው፤ ልጅቷ እስከዚያ ቀን 3 ዓመት መሙላት አለባት። መልሱ እንደተወለደችበት ዓመት ይለያያል። መስከረም 20 ቀን 2014 ሴፕቴምበር 30፣ 2021 ነው፤ ትደርሳለች። መስከረም 20 ቀን 2016 ግን ኦክቶበር 1፣ 2023 ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ጳጉሜ 6 ስለነበረች። በአንድ ቀን ምክንያት ሙሉ ዓመት ትጠብቃለች። የልደት ወረቀቱ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያለውን እንዳለ አትገልብጡ፤ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አስቀይሩት።

የ3 እና የ4 ዓመት ክፍል በሰፈራችሁ ባለው የከተማው ትምህርት ቤትም ቢሆን በአብዛኛው በሎተሪ ነው። ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ግን የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ያለ ሎተሪ መቀበል አለበት። ቻርተር ካልደረሳችሁ ልጁ ትምህርት አያጣም፤ ይህን እያወቃችሁ ምረጡ።

ትምህርት ቤቱ የክትባት ማስረጃም ይጠይቃል። ከአገር ቤት የመጣ የክትባት ካርድ ካላችሁ አትጣሉት፤ ሐኪሙ የተወሰደውን ይቆጥርላችኋል። ቫሪሴላ የሚባለው (የጉድፍ ወይም የቺክን ፖክስ ክትባት) ግን በአገር ቤት መደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ ስለሌለ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እሱ ነው። የሐኪም ቀጠሮ በሰመር ስለሚጣበብ ሜይ ላይ ያዙ።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ልንዛወር ነው። የዘመድ አድራሻ ብንሰጥስ?

አታድርጉት። ዲሲ የሚከፍለው ለዲሲ ነዋሪ ነው። ሜሪላንድ እየኖሩ በዲሲ አድራሻ የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ያለፈውን ጊዜ ሙሉ ክፍያ እንዲመልሱ ይጠየቃሉ፣ በከተማው ዐቃቤ ሕግ የተከሰሱም አሉ። በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ዕዳ ነው።

ነዋሪነት በየዓመቱ ይረጋገጣል። የዲሲ ግብር የተቆረጠበት ከ45 ቀን ያልበለጠ የደመወዝ ወረቀት ብቻውን ይበቃል። ታክሲ ወይም ኡበር ለሚነዳ ሰው ይህ ስለሌለ ሁለት ማስረጃ ያቀርባል፦ ለምሳሌ የዲሲ መንጃ ፈቃድና የቤት ኪራይ ውል። የኪራይ ውል ብቻውን አይሠራም፤ የተከፈለበት ደረሰኝ አብሮ ይቀርባል። የመብራት ቢልም እንደዚያው ነው። ሰው እንዲመለስ የሚያደርገው በአብዛኛው ይህ የጎደለ ደረሰኝ ነው።

ቤት አጥቶ መጠለያ ውስጥ ወይም ዘመድ ቤት ተጠግቶ ያለ ቤተሰብ ግን በፌዴራል ሕግ የተለየ መብት አለው። ወረቀት ባይሟላም ልጁ ወዲያው ይመዘገባል። ለትምህርት ቤቱ በግልጽ ንገሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ቅጹ ላይ «በቤት የሚነገር ቋንቋ» ሲል እንግሊዝኛ ብል ይሻላል?

እውነቱን ጻፉ፣ አማርኛ በሉ። ከዚያ ልጁ የእንግሊዝኛ ፈተና ይወስዳል፤ ድጋፍ ከፈለገ ይሰጠዋል፣ ወላጅ ካልፈለገ ድጋፉን መተው ይችላል። እንግሊዝኛ ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ማንም አይፈትነውም፣ ንባብ ሲከብደው ሰነፍ ይባላል። የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ያለበት ልጅም ተመላሽ አይደረግም፤ ቻርተሩ የልዩ ትምህርት አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለበት። «ለእሱ እዚህ አይመችም» ከተባላችሁ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ለስብሰባም አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

መጓጓዣስ?

ቢጫ አውቶቡስ በዲሲ ከልዩ ትምህርት ተማሪዎች በቀር በአብዛኛው የለም። ከ5 እስከ 21 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ሜትሮውም አውቶቡሱም ነፃ ነው፤ ካርዱን ከትምህርት ቤቱ ጠይቁ። ከመምረጣችሁ በፊት ግን በአንድ የሥራ ቀን ጠዋት መንገዱን ሄዳችሁ እዩት።

ለእኛ ለወላጆችስ የሚሆን አለ?

አለ። ካርሎስ ሮዛሪዮ ለአዋቂዎች የሚሆን ቻርተር ነው፤ ለዲሲ ነዋሪ እንግሊዝኛና ሙያ በነፃ ያስተምራል። ብራያ ደግሞ እናቲቱ ስትማር ትንሹ ልጅም እዚያው እንዲማር ያደርጋል። የአዋቂዎች መግቢያ በልጆቹ ሎተሪ አይደለም፤ ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ትመዘገባላችሁ።