ዲስኩ ባዶ ነው፤ ዊንዶውስ ግን «ቦታ የለም» ይላል

የኮምፒውተር ዓምድ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚዞሩት ዊንዶውስ ከዓይን በሰወረው አንድ ትንሽ የዲስክ ክፋይ (ፓርቲሽን) ዙሪያ ነው፤ ሪከቨሪ ፓርቲሽን ይባላል፣ ዊንዶውስ ሲበላሽ መጠገኛው የሚቀመጥበት ነው። ትእዛዞቹን የጻፍናቸው በድምፃቸው ስለሆነ ኪቦርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፏቸው። ሁሉም የሚሠሩት «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ተብሎ በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት፣ ነው። ክፋዮችን የሚያስተዳድረው ዲስክፓርት የተባለው ትእዛዝ ክፋይ ሲሰርዝ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ፎቶና ሰነድዎን ሌላ ዲስክ ላይ ሳይገለብጡ እጅዎን አያስገቡ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ሲስተም ኢሜጅ (የዊንዶውሱን ሙሉ ቅጂ) ልሠራ ስል ገና ከመጀመሩ ይቋረጥና «ሻዶ ኮፒ ለመፍጠር በቂ ቦታ የለም» ይለኛል። የስህተቱ ቁጥር በ80780119 ያልቃል። ኤክስተርናሉ ባዶ ነው፤ ሲ ድራይቭ ላይም 140 ጊጋባይት ክፍት አለ። ቦታ ያነሰው የት ነው?

መልስ፦ ከሁለቱም ላይ አይደለም። ሲስተም ኢሜጅ ሲ ድራይቭን ብቻ አይገለብጥም፤ ሪከቨሪ ፓርቲሽኑን ጨምሮ ዊንዶውስ የሚፈልጋቸውን ስውር ክፋዮች አብሮ ይወስዳል። ኮምፒውተሩ እየሠራ ፋይሎች ስለሚለዋወጡ ደግሞ ከመገልበጡ በፊት የእያንዳንዱን ክፋይ የቅጽበት ምስል ያነሳል። ሻዶ ኮፒ የሚባለው ይህ ነው። ምስሉ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ እዚያው ክፋዩ ላይ ስለሆነ፣ ክፍት ቦታ ሊኖር የሚገባው በእያንዳንዱ ክፋይ ውስጥ ነው። የሲ ድራይቭ 140 ጊጋባይት ለጎረቤቱ አይተርፍም።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ክፋዩ ከ500 ሜጋባይት በታች ከሆነ ቢያንስ 50 ሜጋባይት ክፍት ይፈለጋል፤ ከ500 ሜጋባይት በላይ ከሆነ 320 ሜጋባይት። እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። 499 ሜጋባይት የሆነ ክፋይ 60 ሜጋባይት ክፍት ካለው ያልፋል፤ 529 ሜጋባይት የሆነው ግን 90 ሜጋባይት ክፍት ይዞም ይወድቃል። ትልቁ ወድቆ ትንሹ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ለማረጋገጥ ክፋዮችን በምስል የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ዲስክ ማኔጅመንትን፣ አይመኑ፤ ሪከቨሪ ፓርቲሽንን ሁልጊዜ «100 በመቶ ክፍት» እያለ ነው የሚያሳየው። ይልቅ «ዲስክፓርት»፣ ከዚያ «ሊስት ቮልዩም» ብለው ስውሩን ክፋይ በመጠኑ ይለዩ። ቁጥሩ 3 ከሆነ «ሴሌክት ቮልዩም 3»፣ ቀጥሎ «አሳይን ሌተር=አር»። በ«ኤግዚት» ወጥተው «ኤፍኤስዩቲል ቮልዩም ዲስክፍሪ አር:» ሲሉ እውነተኛው ክፍት ቦታ ይታያል። ሲጨርሱ ወደ ዲስክፓርት ተመልሰው፣ ቮልዩሙን እንደገና መርጠው፣ በ«ሪሙቭ ሌተር=አር» ፊደሉን ይንጠቁት። ይህን የሚረሳ ሰው «ዲስኩ ሊሞላ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ በየጊዜው ሲነዘንዘው ይኖራል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አቋራጭ ነው፦ 529 ሜጋባይቱን ክፋይ መርጠው «ሽሪንክ ዲዛየርድ=32» ቢሉ 497 ይሆንና መስፈርቱ ወደ 50 ሜጋባይት ይወርዳል። የሚቀነሰው ከክፍቱ ቦታ መሆኑን ግን አይርሱ፤ 90 የነበረው 58 ይሆናል። ባካፑ ዛሬ ያልፍልዎታል፤ በኋላ የሚመጣ የሪከቨሪ ማሻሻያ ግን ቦታ አጥቶ ይወድቃል። እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን፣ ክፋዩን ማስፋትን ነው። አሠራሩ ከሚቀጥለው መልስ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 10 ከጥር 2024 ጀምሮ አንድ አፕዴት አልጫን ብሎኛል፤ ቁጥሩ በ80070643 ያልቃል። ሰው በነገረኝ መሠረት «ሪኤጀንትሲ /ኢንፎ» ብዬ ባየው የዊንዶውስ የጥገና ስርዓት «ዲስኤብልድ» (ጠፍቷል) ይላል። ሁለቱ ይገናኛሉ?

መልስ፦ አብረው ሊከሰቱ ይችላሉ፤ መድኃኒታቸውም አንድ ነው። አፕዴቱ ኬቢ5034441 ነው፤ የሚያድሰው ሪከቨሪ ፓርቲሽኑ ውስጥ ያለውን የጥገና ስርዓት ነው። ለዚህም በክፋዩ ላይ 250 ሜጋባይት ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ ግን ስለ ቦታ አንድም ቃል ሳይናገር ስለ ኢንስቶሌሽን የሚመስል ስህተት ያሳያል። ብዙ ሰው አፕዴቱን ደጋግሞ በማውረድ ጊዜውን የሚያጠፋው ለዚህ ነው።

ሲ ድራይቭ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ መጀመሪያ ቁልፉን ሌላ ቦታ ይጻፉና ጥበቃውን «ሰስፔንድ» ያድርጉ። ከዚያ «ሪኤጀንትሲ /ዲስኤብል» ይበሉ። ይህ ትእዛዝ ዊንአርኢ.ዊም የተባለውን የጥገና ስርዓቱን ፋይል ከስውሩ ክፋይ አውጥቶ ሲ:\ዊንዶውስ\ሲስተም32\ሪከቨሪ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፋይሉ የተደበቀ ስለሆነ ፎልደሩ ውስጥ ገብተው «ዲር /ኤ» በማለት መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። ከሌለ እዚህ ላይ ይቁሙ። ክፋዩን ሰርዘው ፋይሉ ካልተገኘ ኋላ ማንሳት የሚችሉት ነገር አይኖርም።

ካለ ወደ ዲስክፓርት ይግቡ። «ሊስት ዲስክ» ሲሉ በጂፒቲ (አዲሱ የዲስክ አከፋፈል ዓይነት) ዓምድ ሥር ኮከብ መኖር አለመኖሩን ያስታውሱ። ዲስኩን ይምረጡ፤ በ«ሊስት ፓርቲሽን» የሲ ድራይቭንና የሪከቨሪውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሪከቨሪው ከሲ ድራይቭ ቀጥሎ የሚገኝ ከሆነ ሲ ድራይቭን መርጠው «ሽሪንክ ዲዛየርድ=450 ሚኒመም=450» ይበሉ። ማይክሮሶፍት የሚለው 250 ነው፤ ያ ግን ለአፕዴቱ እንጂ ለሲስተም ኢሜጁ 320 ሜጋባይት ላይበቃ ይችላል። አንዴ ከተነሱ አይቀር 450 ይቀንሱ።

ሽሪንኩ እምቢ ካለ መጨረሻው ላይ የማይንቀሳቀስ ፋይል ተቀምጧል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሃይበርኔሽን ወይም የፔጅ ፋይል ነው። «ፓወርሲኤፍጂ /ኤች ኦፍ» ብለው ኮምፒውተሩን አስነስተው ይሞክሩ።

ቀጥሎ የሪከቨሪውን ክፋይ ቁጥር ይምረጡ፤ ከጻፉት ጋር አመሳክረው «ዲሊት ፓርቲሽን ኦቨርራይድ» ይበሉ። ዲስኩ ጂፒቲ ከሆነ አዲሱ ክፋይ የሚፈጠረው «ክሪኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ አይዲ=ዲኢ94ቢቢኤ4-06ዲ1-4ዲ40-ኤ16ኤ-ቢኤፍዲ50179ዲ6ኤሲ» ተብሎ ነው፤ ተከትሎ «ጂፒቲ አትሪቢዩትስ=» ይጻፉና ዜሮ፣ ኤክስ፣ 8፣ ከዚያ 14 ዜሮ፣ መጨረሻ ላይ 1። ኮከብ ለሌለው የድሮ ዓይነት ዲስክ ደግሞ «ክሪኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ አይዲ=27» ይበቃል። ረጅሙን ቁጥር የሚዘሉ አሉ። ያለ እሱ ክፋዩ እንደ ተራ ድራይቭ ፊደል ተሰጥቶት ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ብቅ ይላል፤ የቤቱ ልጅ ጨዋታ ይጭንበታል። ከዚያ «ፎርማት ኩዊክ ኤፍኤስ=ኤንቲኤፍኤስ»፣ «ኤግዚት»፣ በመጨረሻም «ሪኤጀንትሲ /ኢኔብል»። «ሪኤጀንትሲ /ኢንፎ» አሁን «ኢኔብልድ» ብሎ አዲሱን ክፋይ በቁጥሩ ካሳየ አልቋል።

ሪከቨሪው ከሲ ድራይቭ በፊት፣ በዲስኩ መነሻ ላይ ከሆነ ግን ሲ ድራይቭን መቀነስ እሱን አያሰፋውም፤ የተለቀቀው ቦታ በሌላ በኩል ነው። እንዲህ ሲሆን ከሲ ድራይቭ 1000 ሜጋባይት ቀንሰው በመጨረሻው ላይ አዲስ ክፋይ በዚያው አሠራር ይፍጠሩ። አሮጌውን አይንኩት፤ 450 ሜጋባይት ለማትረፍ የዲስክን መነሻ መነካካት አያዋጣም።

«ዊንዶውስ አርኢ ኢሜጅ አልተገኘም» ከተባሉ ዊንአርኢ.ዊም ጠፍቷል። ከእርስዎ ዊንዶውስ ጋር ተመሳሳይ ቨርዥን ያለው የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) ይክፈቱ፤ ሶርስስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ኢንስቶል.ዊም በሰቨንዚፕ ሲከፍቱት ዊንዶውስ\ሲስተም32\ሪከቨሪ ሥር ያገኙታል። ሲ ድራይቭ ላይ ወዳለው ተመሳሳይ ፎልደር ገልብጠው «ሪኤጀንትሲ /ሴትአርኢኢሜጅ /ፓዝ ሲ:\ዊንዶውስ\ሲስተም32\ሪከቨሪ» ካሉ በኋላ «/ኢኔብል»ን ይድገሙ።

ጥያቄ፦ ባለ 256 ጊጋባይቱን ዲስክ ወደ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ክሎን አደረግሁት (እንዳለ ገለበጥሁት)። ትርፉ ቦታ «አንአሎኬትድ» (ያልተመደበ) ተብሎ ተቀምጧል፤ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» ግን ደብዝዞ አይጫንም።

መልስ፦ በሲ ድራይቭና በትርፉ ቦታ መካከል ሪከቨሪ ፓርቲሽኑ ቆሟል። ዊንዶውስ የሚያሰፋው ወዲያው ከጎኑ ወዳለ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ከላይ ባለው አሠራር ሪኤጀንትሲን አጥፍተው ክፋዩን ይሰርዙ፤ ሲ ድራይቭን ያስፉ፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ በሽሪንክ 1000 ሜጋባይት አስለቅቀው አዲስ ሪከቨሪ ይፍጠሩ። ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ የራሱ ማስመለሻ ክፋይ ይዞ የመጣ ከሆነ በስህተት ያንን እንዳይሰርዙ፤ ብዙውን ጊዜ በብዙ ጊጋባይት የሚለካው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተም ኢሜጅ አለኝ። ዲስኬ ተበላሽቶ አዲስ ገዝቼ ሪስቶር ልል ስል «በዚህ ኮምፒውተር ላይ ኢሜጅ አልተገኘም» አለኝ። ፎልደሩ ግን ኤክስተርናሉ ላይ ይታየኛል።

መልስ፦ ምናልባት «ቤት ባካፕ» በሚል ሌላ ፎልደር ውስጥ አስገብተውት ወይም ስሙን ቀይረውት ይሆናል። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ዊንዶውስኢሜጅባካፕ የሚለውን ፎልደር ብቻ ነው፤ እሱንም በድራይቩ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ፣ በማንም ፎልደር ሥር ሳይሆን። ውስጡ ያለው በኮምፒውተሩ ስም የተሰየመ ፎልደርም እንደነበረ መቆየት አለበት።

እሱ ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ሁለት እንቅፋት ሊገጥምዎት ይችላል። አንደኛው መጠን ነው፦ አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ካነሰ፣ የነበረው ዳታ 80 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም እምቢ ይላል። ሁለተኛው ባዮስና ዩኢኤፍአይ፣ ማለትም ኮምፒውተር የሚነሳባቸው አሮጌውና አዲሱ መንገድ፣ ናቸው። ኢሜጁ በዩኢኤፍአይ ከሚነሳ ዊንዶውስ ተሠርቶ እርስዎ ፍላሹን በአሮጌው የባዮስ መንገድ ካስነሱት «ፈርምዌሩ ይለያል» ይላል። በቡት ዝርዝሩ ውስጥ ያው አንድ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካዩት ዩኢኤፍአይ የሚል ቅድመ ስም ያለበትን ይምረጡ።

ከኢሜጁ የፈለጉት ሰነዶችን ብቻ ከሆነ ሪስቶር ማድረግ አያስፈልግዎትም። በሌላ ኮምፒውተር ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ «አክሽን»፣ «አታች ቪኤችዲ» ብለው ከፎልደሩ ውስጥ ትልቁን የቪኤችዲኤክስ ፋይል ይምረጡ፤ «ሪድ ኦንሊ» ላይ ምልክት ያድርጉ። እንደ ተራ ድራይቭ ይከፈትና የሚፈልጉትን ይገለብጣሉ። ባካፕ በተሠራ ቁጥር ይህንኑ አድርጎ ሁለት ሦስት ፋይል መክፈት 5 ደቂቃ አይፈጅም።

በነገራችን ላይ ማይክሮሶፍት ይህን የሲስተም ኢሜጅ መሣሪያ በ2017 ከሚያሳድጋቸው ዝርዝር አውጥቶታል። እስካሁን ይሠራል፤ ለአዲስ ኮምፒውተር ግን የሌላ ድርጅት የሙሉ ዲስክ ባካፕ ፕሮግራም ቢይዙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ባካፑ በደንብ ይጀምርና መሃል ላይ ይቆማል። ቁጥሩ በ8007045ዲ ያልቃል።

መልስ፦ ይህኛው የቦታ ጉዳይ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ከዲስክ ማንበብ ወይም መጻፍ አቅቶታል። በርካሹ ይጀምሩ፦ የዩኤስቢ ገመዱን ይቀይሩ፤ በሃብ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙ፤ ከዴስክቶፕ ከሆነ የኋላውን ሶኬት ይጠቀሙ። አሁንም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታ የሚቆም ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ውስጠኛው ዲስክ ይዞራል። ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ፕሮግራም የዲስኩን የጤና መረጃ ያነባል፤ «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» ወይም «ሪአሎኬትድ ሴክተር» ከዜሮ በላይ ሆኖ እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየሞተ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ወዲያው «ቼክዲስክ /አር» (ሲጻፍ ሲኤችኬዲኤስኬ) ማዘዝ ነው። ይህ ትእዛዝ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ለሰዓታት ያስነብበዋል፤ የደከመ ዲስክ በዚያ መሃል ሊቆም ይችላል። መጀመሪያ የማይተኩትን ፋይሎች በእጅ ይገልብጡ፤ ቼክዲስክ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነና ስህተቱ ሻዶ ኮፒን የሚጠቅስ ከሆነ «ቪኤስኤስአድሚን ሊስት ራይተርስ» ይበሉ። ከ«ስቴብል» ይልቅ «ፌልድ» የሚል ካለ ኮምፒውተሩን ዘግተው ማስነሳት አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል። ሁለት የባካፕ ፕሮግራሞች በአንድ ሰዓት እንዲነሱ ተቀጥረው ከሆነ ግን ነገም ይደገማል፤ የአንዱን ሰዓት ያዛውሩ።

ጥያቄ፦ ሪከቨሪ ፓርቲሽን ካለኝ ፍላሽ ላይ ሪከቨሪ ድራይቭ መሥራት ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ክፋዩ የሚኖረው ዊንዶውሱ በሚኖርበት በዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ቢያንስ 16 ጊጋባይት የሆነ፣ ውስጡ የሚፈለግ ነገር የሌለበት ፍላሽ ይሰኩ፤ ሥራው ሲጀመር ያለውን ሁሉ ያጠፋዋልና። በስታርት ሜኑ ፍለጋ «ሪከቨሪ ድራይቭ» ብለው ይክፈቱት፤ «ባካፕ ሲስተም ፋይልስ» የሚለው ላይ ምልክት ካላደረጉ ፍላሹ መጠገን እንጂ ዊንዶውስን እንደገና መጫን አይችልም። የግል ፋይል አይይዝም፤ ያ የባካፑ ሥራ ነው። ቢትሎከር ካለ የ48 አሃዙን ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፈው ከፍላሹ ጋር ሳይሆን ለየብቻ ያስቀምጡ።