አንገትዎ አልተሰበረም፤ ያዙሩት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው ደግሞ ሰንጋ ተራ አካባቢ በሒሳብ ባለሙያነት ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። ከስድስት ወር ወዲህ አንገቴንና ትከሻዬን ያመኛል፤ አንዳንዴም ራሴን። ኤም አር አይ ተነሥቼ «ዲስኩ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ነርቭ ግን አልነካም» ተባልሁ። እንዳይነካው ፈርቼ አንገቴን ማዞር ትቻለሁ፤ የሁለት ዓመት ልጄንም አላዝልም። ሲብስብኝ ዲክሎፌናክ እየገዛሁ እወስዳለሁ፤ ጨጓራዬን ግን እያቃጠለኝ ነው። ውጭ ሀገር ያለው ወንድሜ የአንገት ሕመም በቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር እንደሚታከም አንብቦ ሊልክልኝ ነው። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ጎበዝ ወጌሻ አለ፣ አንዴ ጠምዘዝ ካደረገሽ ይለቅሻል» ይሉኛል። የቱ ይሻለኛል? ነርቩ ቢጎዳስ?

መልስ፦ ስለ መነጽሩና ስለ ወጌሻው ጠይቀዋል፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን «አንድ ቀን አንገቴን ሳዞር ሽባ ሆኜ እቀር ይሆን?» የሚለው ሥጋት ይመስለኛል። ከእሱ ልጀምር። አንገትዎን በማዞርዎ ሽባ አይሆኑም። ልጅዎን በማዘልዎም አይሆኑም።

«ዲስክ አለብህ» ተብሎ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ ስሙ ሲጠራ ራሱን ሳይሆን መላ ሰውነቱን አዙሮ «አቤት» የሚል ሰው በክሊኒካችን ዘወትር አያለሁ። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ልስልስ ትራስ ነው፤ ሁላችንም አለን። ዕድሜ ሲጨምር ወጣ ማለቱ እንደ ፀጉር መሸበት የተለመደ ነው። ጃፓን ውስጥ ምንም ሕመም የሌለባቸው ከ1,200 በላይ ሰዎች አንገታቸውን በኤም አር አይ ታይተው፣ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በታተመው ውጤት 87.6 በመቶዎቹ ወጣ ያለ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። በሃያዎቹ ዕድሜ ካሉት መካከል እንኳ ከአሥሩ ከሰባት በላይ የሚሆኑት ነበረባቸው። እርስዎም ሳያምዎት ተነሥተውት ቢሆን ኖሮ ያው ውጤት ሊመጣ ይችል ነበር።

ታዲያ የሚያመኝ ምኑ ነው ይሉኝ ይሆናል። እንደ ገለጻዎ ከሆነ ጡንቻው ነው። የሰው ራስ አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ቆመው ወደ ስልክዎ አቀርቅረው ሰንጋ ተራ ይደርሳሉ፤ ከዚያ እስከ ማታ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይውላሉ፤ ሲመለሱም እንዲሁ። የሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ሲደርስ ደግሞ ትከሻ ወደ ጆሮ ተሰቅሎ ነው የሚከረመው። እንዲህ ሳይንቀሳቀስ የሚውል ጡንቻ ይደክማል፣ ያማል። ሲያምዎት ፈርተው ማዞሩን ተዉት፤ ባለመዞሩ ደነደነ፤ ስለ ደነደነም ትንሽ ሲዞር ያማል፤ ሲያም ፍርሃቱ ይብሳል። ስድስት ወር የቆየብዎት በዚህ ይመስለኛል።

የወንድምዎ ሐሳብ ተረት አይደለም። መነጽሩ ዓይን ላይ የሚታሰር ስክሪን ሲሆን ራስ ወዴት እንደ ዞረ የሚለይ መሣሪያ አለው። ለአንገት ከተሠሩት ጨዋታዎች በአንዱ አውሮፕላን የሚነዳው በራስ እንቅስቃሴ ነው፤ ዒላማው ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ፣ ሽቅብ ሲወጣ ሽቅብ ይከተሉታል። ልብዎ ጨዋታው ላይ ስለሆነ አንገትዎ ከርሞ ያልደረሰበት ድረስ ይዞራል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ በዚያው በ2015 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። አንገታቸውን ሲያማቸው የኖሩ 24 ሰዎች መነጽሩን አጥልቀው፣ ሕመሙ እስኪጀምራቸው ድረስ ራሳቸውን እንዲያዞሩ ተደረገ። ምስሉ ግን ያታልላቸዋል፤ አንዳንዴ ከዞሩት ያነሰ፣ አንዳንዴ የበለጠ እንደ ዞሩ አድርጎ ያሳያቸዋል። ያነሰ ሲያሳያቸው ሕመሙ ሳይጀምራቸው 6 በመቶ ያህል ጨምረው ዞሩ፤ የበለጠ ሲያሳያቸው ደግሞ 7 በመቶ ያህል ቀድሞ ጀመራቸው። አንገቱ ያው አንገት ነው፤ ዲስኩም ያው ዲስክ። የተለወጠው አእምሮ ስለ አደጋው የገመተው ብቻ ነው። ሕመምዎ የሐሳብ ነው ማለቴ አይደለም፤ ያምዎታል፣ አምናለሁ። ነገር ግን ያመመ አካል ሁሉ እየተጎዳ አይደለም።

ተአምር ግን አይጠብቁ። በመነጽሩ ላይ የተሠሩት ጥናቶች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ሰዎቹን የተከታተሉትም ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከተራው የአንገት እንቅስቃሴ ይበልጣል ብሎ አፍ ሞልቶ የሚያናግር ማስረጃ የለም። መነጽሩ ራሱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲሆን ክብደቱ ከፊት ነው። ከተላከልዎ ቁጭ ብለው በአምስት ደቂቃ ይጀምሩ፤ ካዞረዎት ያውልቁት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አያጥልቀው።

ካልተላከልዎም ምንም አይቀርብዎ። ዴንማርክ ውስጥ አንገትና ትከሻቸውን በተደጋጋሚ የሚያማቸው 198 ሠራተኞች የተሳተፉበት ጥናት በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታትሟል። በሚለጠጥ የስፖርት ላስቲክ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ10 ሳምንት ክንዳቸውን ወደ ጎን እያነሡ የሠሩት ሰዎች ሕመማቸው ቀንሶላቸዋል፤ በቀን 12 ደቂቃ የሠሩትም፣ 2 ደቂቃ ብቻ የሠሩትም። ላስቲኩ ከሌለዎት ውኃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በየእጅዎ ይያዙ። ቆመው፣ ክርንዎን በትንሹ አጠፍ አድርገው፣ ክንድዎን እስከ ትከሻዎ ከፍታ ቀስ ብለው ያንሡ፣ ቀስ ብለው ይመልሱ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ቢሮ ውስጥም በየሰዓቱ ብድግ ይበሉና አንገትዎን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የቻሉትን ያህል ያዙሩ። ስክሪኑ ዝቅ ያለ ከሆነ ከሥሩ አንድ እሽግ ወረቀት ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ያምዎታል። ሕመሙ በርትቶ ካደረ መጠኑን ይቀንሱ እንጂ አይተዉት። ልጅዎንም ለአጭር ጊዜ ከማዘል ይጀምሩ።

ስለ ወጌሻው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ወጌሻን አልንቅም፤ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት አሽተው የሚያስታግሡ፣ እጃቸው የተባረከ ሰዎች አውቃለሁ። አንገት ግን የወጌሻ ሥራ አይደለም። ፀጉር አስተካክሎ ሲጨርስ አገጭና ማጅራት ይዞ «ቋ» የሚያደርግ ፀጉር ቆራጭም ቢሆን፣ ቢሮ ውስጥ «ና ላፍታታህ» የሚል ባልደረባም ቢሆን አንገትዎን አይስጡት።

ወደ አእምሮ ደም ከሚያደርሱት አራት ዋና ዋና የደም ሥሮች ሁለቱ የሚያልፉት በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ነው። ራስና አንገት በሚገናኙበት ቦታ ላይ ተጣጥፈው ወደ ራስ ቅል ይገባሉ። አንገት በድንገትና በኃይል ሲጠመዘዝ የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ ላይ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ አእምሮ ከሄደ ስትሮክ ነው። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሲያጋጥም ግን በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያለውን፣ ስትሮክ ይመታኛል ብሎ አስቦ የማያውቀውን ሰው ጭምር ይጥላል። እኅቴ፣ ለዚያ ለሚፈሩት ሽባነት የሚያጋልጥ መንገድ ካለ ይኼኛው ነው፤ ልጅዎን ማዘል አይደለም።

ድምፁም ሰውን ያሳስታል። «ቋ» ሲል የወለቀ አጥንት የገባ ይመስላል። አጥንትዎ አልወለቀም። ድምፁ የሚመጣው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለ የአየር አረፋ ነው፤ ጣት ሲንቋቋ የምንሰማው ያው ነው። ለጥቂት ሰዓት ቀለል ይላል፤ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሰውየውም ወደ ወጌሻው ይመለሳል፤ ሁለተኛው ጥምዘዛ ከመጀመሪያው ይበረታል። የተጠመዘዘ ሰው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከዚህ በፊት የማያውቀው ዓይነት ኃይለኛ የማጅራት ሕመም ከጀመረው፣ ወይም ከዞረበት፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ካየ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ፊቱ ከደነዘዘ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ እስኪነጋ አይጠበቅም። ዳማከሴ አሽቶ መተኛትም አይሆንም። ያኔውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን የጎረቤት መኪና ተለምኖ ሆስፒታል ይኬዳል።

ዲክሎፌናኩን በተመለከተ ቆጣ ብዬ ልናገር። ጨጓራዎ እያቃጠለዎት መሆኑን እያወቁ ሌላ እሽግ ይገዛሉ? ይህ መድኃኒት ጨጓራ ያቆስላል፣ ያደማል፤ ኩላሊት ይጎዳል፤ የደም ግፊት ይጨምራል። ፋርማሲው ያለ ማዘዣ ስለ ሸጠልዎ ለእርስዎ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም። የደነደነ ጡንቻም በኪኒን አይፍታታም። ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት። ማታ ሲብስብዎ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ትከሻዎ ላይ ያድርጉ። ስለ ጨጓራዎም በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ ሰገራዎ ከጠቆረ ግን ዛሬውኑ ይሂዱ። የደም ግፊትዎንም ያስለኩ።

እጅዎ ሸሚዝ መቆለፍ ካቃተው፣ እስክሪብቶ ከጣትዎ እየወደቀ ካስቸገረዎት፣ እግርዎ ከከበደዎት ወይም ሽንትዎን መቆጣጠር ካቃተዎት በአስቸኳይ ይታዩ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካሉም ይታዩ፤ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ በአገራችን ያለ በሽታ ነው። እርስዎ ከጻፉልኝ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም።

እንቅስቃሴውን ስድስት ሳምንት ሳያቋርጡ ሠርተው ለውጥ ካላዩ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። የተነሡትን የኤም አር አይ ፊልም ይዘው ይሂዱ፤ አዲስ ምልክት እስካልመጣ ድረስ ሌላ አይነሡ።