በኮሮና ሰሞን ስለዞሩት ወሬዎች፦ ጠይቁኝ

አዳማ ላይ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። በኮሮና ሰሞን በፌስቡክና በቴሌግራም ከዞረው ወሬ እስካሁን ያልለቀቃችሁ ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጎረፈ! የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

«የአዳማ ሙቀት ይገድለዋል» ይባል ነበር። እውነት አለው?
ቫይረሱ የሚራባው ሰው ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ኑር አዳማ፣ ሰውነትህ ውስጥ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ሶደሬ ፍልውሃ ስትዘፈዘፍ ብትውልም ያው ነው። ደጅ ፀሐይ የመታው ቫይረስ ቶሎ ይሞታል፣ ልክ። ግን በሽታው በብዛት የተላለፈው መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስና በታፈነ ክፍል ውስጥ ነው።

እናቴ አሁንም «ያዳነን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ነው» ትላለች። ምን ልበላት?
እህቴ፣ አትከራከሪያቸው። ትኩስ ዝንጅብል በሎሚ ጉሮሮ ያለዝባል፤ እኔም እጠጣለሁ። ቫይረሱን ግን አይገድልም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከተያዘው ሰው አብዛኛው በራሱ ጊዜ ይሻለዋል። ሲሻለው ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ሳምንት የቀመሰው ነገር ነው። ፌጦ የበላ ፌጦን ያመሰግናል፣ ዳማከሴ የጠጣ ዳማከሴን። ፌጦው ማንንም አልጎዳም። የጎዳው ትንፋሽ እያጠረው «ፌጦ በልቻለሁ» ብሎ ቤቱ መቅረቱ ነው።

አረቄስ? እጅ ካጸዳ ጉሮሮ አያጸዳም?
አያጸዳም። ኢራን ውስጥ በ2012 ይህን አምነው ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ያለበት መጠጥ የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

5ጂ የሚባለው የሞባይል ኔትወርክ ነው ያመጣው የሚሉትስ?
በሽታው አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን አዲስ አበባ ላይ የጀመረው ግንቦት 2014። ሂሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

ክትባቱ ውስጥ ቺፕ አለ?
የለም።

ደም ያረጋል መባሉስ? መካን ያደርጋልስ?
ሁለቱን ለያይተን እንያቸው። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኒካ ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ገባ። ብዙም ሳይቆይ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች በደም መርጋት ምክንያት መስጠቱን ለጊዜው አቆሙ። ይህ ወሬ አይደለም፤ ችግሩ እውነተኛ ነው፣ ግን እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው የታየው። ኮሮናው ራሱ ከዚያ የበለጠ ደም ያረጋል። ያኔ ብዙ ባለሙያ «ውሸት ነው» ብሎ ዘጋው። ሰዉ በኋላ እውነት የሆነውን ክፍል ሲሰማ ሌላውንም አላምን አለ። አልፈርድበትም። መካንነቱ ግን ፈጠራ ነው፤ ተከትበው የወለዱ እናቶች በሚሊዮን ይቆጠራሉ።

አጎቴ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ «የዶክተር ድምፅ» እያለ ይልካል። እንዴት ልመልስለት?
ግሩፕ ላይ አታርመው፤ በልጅ ፊት የታረመ ትልቅ ሰው ሐሳቡን አይቀይርም። ደውልለትና በወጉ «ጋሼ፣ ዶክተሩ ስሙ ማን ነው? የት ነው የሚሠራው? መቼ ነው የተቀዳው?» በለው። አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ከእነዚህ አንዱንም አይናገርም።