ወገብ ሁለተኛ ጊዜ ለምን ይከፈታል? ጥያቄና መልስ ከአንዲት የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ጋር

ሰላም ቤተሰብ። «ወገብ አንዴ ከተከፈተ መዘዙ አያልቅም» የሚል ወሬ ሲናፈስ አይቼ ነው ዛሬ ልቀመጥ ያልኩት። 14 ዓመት የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜአለሁ። አጥንት የሚያያዝበትን ብሎን ለሐኪሙ የማቀብለው እኔ ነኝ። ሐኪም ግን አይደለሁም።

ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ። የመጀመሪያው ምን ዓይነት ኦፕራሲዮን ነበር? ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ደህና ነበራችሁ? አሁን የሚያመው ወገብ ነው እግር? ሽንት እምቢ ያለው፣ መቀመጫው የደነዘዘ፣ እግሩ የከዳው ሰው ግን ይህን አያንብብ። ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ዛሬ።

ከሪያድ፦ ሲስተር፣ ወገቤን ኦፕራሲዮን ሆኜ ነበር፣ ሕመሙ ተመለሰብኝ። ድጋሚ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ መቼ ተመለሰ ወንድሜ? ምኑን ነበር የተሠራኸው? ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

ከአዳማ፦ ከ2 ዓመት በፊት ዲስክ (በአጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ወጥቶልኛል፣ ኤል 4 እና ኤል 5 ከሚባሉት የወገብ አጥንቶች መሃል። ቀኝ እግሬ ፍጹም ድኖ ነበር። ባለፈው ወር የጤፍ ኬሻ ሳነሳ ያው ሕመም በያው መስመር መጣ። የወጣ ዲስክ እንዴት እንደገና ይወጣል?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! «ዲስክ ወጣልኝ» እንላለን እንጂ የሚወጣው ነርቩን የተጫነው ቁራጭ ብቻ ነው። ቀሪው ዲስክ እዚያው ነው ያለው። ያፈተለከበት ቀዳዳም አለ። ከ100 ሰው ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ላይ እንደገና ያፈተልካል።

ግን እንደገና አፈተለከ ማለት እንደገና ይከፈታል ማለት አይደለም። ድክመት ከሌለ ብዙው በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። ኤምአርአይ ስትነሳ «ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ» ብለህ ተናገር፣ በደም ሥር ቀለም ይሰጡሃል። ጠባሳ ቀለሙን ይጠጣል፣ የዲስክ ቁራጭ አይጠጣም። ቁራጭ ከሆነ ሊወጣ ይችላል። ጠባሳ ከሆነ ግን ቢቆርጡት ሌላ ጠባሳ ያበቅላል፤ ለጠባሳ ብቻ ቢላ አይነሳም።

ከጎንደር፦ እኔ ከነቃሁበት ሰዓት ጀምሮ አንድም ቀን አልተሻለኝም።

መልስ፦ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ወይ ቁራጭ ቀርቷል፣ ወይ አንድ አጥንት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ተከፍቷል፣ ወይ ነርቩ ቀድሞ ተጎድቶ ነበር፣ ወይ ከመጀመሪያውም ሕመሙ የዳሌ እንጂ የዲስክ አልነበረም። የኦፕራሲዮን ሪፖርትህን ከሆስፒታሉ አውጣ። መውጫ ወረቀቱን አላልኩም፣ ሪፖርቱን።

ከደሴ፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ እናቴ ብረት ገብቶላት እያመማት ያዳናት ወጌሻ ነው። አሽቷት በሦስተኛው ቀን ተነሳች።

ከአዲስ አበባ፦ የኔን አጎት ያሸው ወጌሻ ደግሞ ለአልጋ ዳርጎታል።

ከደሴ፦ ሐኪሞቹስ? ህንድ ሄዶ ሁለቴ የተከፈተ ሰው አውቃለሁ።

መልስ፦ በቃችሁ! ለወለምታ ከሆነ አልከራከርም። ብሎን የገባበት ወገብ ላይ ግን ማንም እጁን አይጫን። ህንድም ሁለቴ ይከፈታል፣ ባንኮክም፣ እዚህም። ወደ ጥያቄው።

ከዱባይ፦ 4 ብሎንና 2 ዘንግ ገብቶልኝ 14 ወር ሆነኝ። 5 ወር ደህና ነበርኩ። አሁን ከአልጋ ስነሳ ወገቤ ይቆረጣል። ራጅ ላይ «ብሎኑ ላልቷል» አሉኝ። የብሎኑ ጥራት ነው?

መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር። ብሎኑን አትውቀሰው። አርማታ ሲሞላ ከሥር የሚደገፈውን ባሕር ዛፍ አይተሃል? ብሎኑ ያ ባሕር ዛፍ ነው። ቤቱን የሚሸከመው አርማታው ነው፣ ያንተ አርማታ ደግሞ አጥንትህ። አጥንት ከአጥንት እስኪገጥም ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጃል። ካልገጠመ በተራመድክ ቁጥር ብረቱ ትንሽ ትንሽ ይታጠፋል። ሽቦ ደጋግመህ ስታጥፍ መጨረሻው ምን ይሆናል? ይላላል ወይ ይሰበራል።

ጠረጴዛው ላይ የማየውን ልንገራችሁ። አጥንት አጥብቆ የያዘው ብሎን ሲወጣ ሐኪሙ ክንዱ እስኪዝል ያዞራል። የላላው ግን በሁለት ጣት ይወጣል፣ ልክ እንደሚነቃነቅ የልጅ ጥርስ። ራጅ ላይ ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት ሠርቶ የሚታየው እሱ ነው።

ለምን አይገጥምም? ስኳር፣ የአጥንት መሳሳት፣ ተደብቆ የቆየ ኢንፌክሽን። ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ግን ታጨሳለህ ወይ?

ከዱባይ፦ ሲጋራ በፍጹም። ሺሻ ብቻ።

መልስ፦ «ብቻ»! ሺሻ ትምባሆ ነው ወንድሜ፣ ኒኮቲን አለው። ኒኮቲን ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል። አዲስ አጥንት ያለ ደም አያድግም።

ከለንደን፦ ሺሻ እኮ በውኃ ይጣራል፣ እንደ ሲጋራ አይደለም።

መልስ፦ ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ኒኮቲኑን አያስቀርልህም። ይህን ክርክር በየሳምንቱ ነው የምሰማው፣ ሰልችቶኛል። የዱባዩ፣ ሲቲ ስካን ተነሳ። መግጠም አለመግጠሙን ከኤምአርአይ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳየው ሲቲ ነው። የኢንፌክሽን የደም ምርመራም ይጨመርልህ። ሺሻውን ሳታቆም ሁለተኛ ብሎን ብታስገባ በሁለተኛው ዓመት እዚሁ እንገናኛለን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ከ9 ዓመት በፊት ሁለት አጥንት ተጋጥሞለት ደህና ኖረ። አሁን ትንሽ ሲራመድ ሁለቱም እግሮቹ ይዝላሉ። ሲቀመጥ ይተወዋል። ሱቅ ውስጥ ጋሪውን ተደግፎ ሲገፋ ግን ምንም አይለውም።

መልስ፦ ጋሪውን ስለጻፍሽልኝ እግዜር ይስጥሽ። ጎንበስ ሲሉ የነርቩ መተላለፊያ ትንሽ ይሰፋል፣ ለዚህ ነው የሚሻላቸው። ሁለት አጥንት አንድ ሲሆኑ የእነሱን እንቅስቃሴ ጎረቤቱ ይሸከማል፣ ከዕድሜ ጋር ተደምሮ ጎረቤቱ ይጠባል። የድሮው ሥራ ተበላሸ ማለት አይደለም። ቸኩላችሁ አታስከፍቱ፣ ግን አስመርምሯቸው። የድሮውን ሪፖርት ይዛችሁ ሂዱ።

ከሐዋሳ፦ ከተሠራሁ 12 ቀኔ ነው። ስፌቴ ያዥበታል፣ ትንሽ ትኩሳትም አለኝ።

መልስ፦ ዛሬ ሂጂ። መግል ከሆነ ታጥቦ መጽዳት አለበት። እንደ ውኃ የጠራ ከሆነና ስትቀመጪ ራስሽን የሚያምሽ፣ ስትተኚ የሚተውሽ ከሆነ የነርቭ ሽፋኑ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አያቆይም።

ከወልድያ፦ የአከርካሪ ቲቢ ተብዬ ብረት ገባልኝ። ሲሻለኝ መድኃኒቱን በ4ኛው ወር ተውኩት።

መልስ፦ ወይኔ። የአጥንት ቲቢ ከ9 እስከ 12 ወር ይታከማል። ብረቱ ጀርባህን ያቆመዋል እንጂ ቲቢን አይገድልም። ነገ ጠዋት ቲቢ ክሊኒክ።

ከጅማ፦ ልጄ ጀርባዋ የጎበጠ ነው፣ 7 ዓመቷ ነው። «በየጊዜው ይከፈታል» አሉኝ፣ ደነገጥኩ።

መልስ፦ አይዞሽ እናቴ። የሚያድግ ልጅ ላይ የሚረዝም ዘንግ ከገባ በየ6 ወሩ ገደማ እየከፈቱ ያስረዝሙታል። ይህ በዕቅድ ነው፣ ውድቀት አይደለም። በአሜሪካዊው ሐኪም በዶክተር ሪክ ሆድስ በኩል ጋና፣ አክራ ፎኮስ ሆስፒታል ሄደው በዶክተር ቦዋቺ አጄይ ቡድን የተሠሩ ብዙ የኛ ልጆች አሉ። ዝርዝሩን ሐኪሟ ይንገርሽ፣ ልጆች የኔ ዘርፍ አይደሉም።

ከመቀሌ፦ ብረቱ ኤርፖርት ላይ ይጮሃል?

መልስ፦ አልፎ አልፎ። ቀጣይ።

ከባሕር ዳር፦ ወገቤን ያመኛል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ኦፕራሲዮን ሆነሃል?

ከባሕር ዳር፦ አይ።

መልስ፦ እና!

ከሪያድ፦ ሲስተር፣ ይቅርታ፣ አሁን አነበብኩት። ዲስክ ነው የወጣልኝ። 7 ወር ደህና ነበርኩ። ያኔ ቀኝ እግሬ ነበር፣ አሁን ግራው ነው።

መልስ፦ ጎኑ ተቀይሯል? ሌላ ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። ሽንትህስ?

ከሪያድ፦ ሽንቴ ደህና ነው።

መልስ፦ እስቲ ተነሥና በተረከዝህ ብቻ ተራመድ። የእግርህ ጣቶች ወደ ላይ ይቅሩ።

ከሪያድ፦ የግራው አይነሣም። መሬት ይጠርጋል። ከትናንት ጀምሮ ጫማዬ ይሰናከላል፣ ድካም መስሎኝ ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ «እግሩ የከዳው» ያልኩት እኮ ይህንን ነው! ታክሲ ጥራ። የድሮውን የኤምአርአይ ሲዲ ያዝ። ስትደርስ «ተረከዜ ላይ መቆም አቃተኝ» በላቸው፣ «ወገቤን አመመኝ» እንዳትል፣ ወረፋ ያስይዙሃል። መንገድ ላይ ሆነህ ጻፍልኝ።

ከሪያድ፦ ወጣሁ።